የነፍስ ግድያ ታሪክ ለጨዋታ ሲነበብ

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ትዕግሥት፣ ስለ ጉርብትናና ስለ ልጆች አስተዳደግ የጻፍኋቸውን ድርሰቶች ያነበበ ሰው፣ አሁን ደግሞ ስለ ነፍስ ግድያ ታሪክ ለመጻፍ ብዕሬን ማንሣቴን ሲያይ ይገረም ይሆናል። እኔም ራሴ ተገርሜአለሁ። ዳሩ ግን ሰው የሚያነበው ነገር፣ ጊዜ ለማሳለፍ ብሎ እንኳ ያነበበው ቢሆን፣ ልቡን ወደ አንድ ወገን ሳያዘነብለው አያልፍም። ለቁም ነገር ብለን በምናነበው ላይ እንጠነቀቃለን፤ ለጨዋታ ብለን የምናነበው ግን ሳናየው ይገባል። ስለዚህ ባለፈው ክረምት ከአንዲት የጎረቤቴ ልጅ ጋር ሆኜ ያነበብሁትን የእንግሊዝ ልብ ወለድ መርምሬ፣ ደግ ያልሁትንም ደግ ያላልሁትንም ለመናገር አስቤአለሁ።

መጽሐፉን የጻፈችው አጋታ ክሪስቲ ናት። ይህች ደራሲ በ1890 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በቶርኪ ከተማ ተወልዳ በ1976 እ.ኤ.አ. የሞተች ስትሆን፣ 66 የሚሆኑ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለዶችን ጽፋለች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሆስፒታል የመድኃኒት ክፍል ውስጥ ስላገለገለች የመርዝን ነገር ጠንቅቃ ታውቅ ነበር ይባላል፤ መጻሕፍቷም ይህንኑ ይመሰክራሉ። እኛ ያነበብነው በ1957 እ.ኤ.አ. የታተመውን ነው፤ ርእሱም በአማርኛ «ከፓዲንግተን በ4፡50» እንደ ማለት ነው። ፓዲንግተን በለንደን ያለ የባቡር ጣቢያ ነው። ልጅቱ ርእሱን እንዳየች «እማማ፣ ረፋድ ላይ ነው እንዴ የሚነሣው?» አለችኝ፤ በእኛ ሰዓት አስልታ ነበርና። የፈረንጁ 4፡50 በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ50 መሆኑን ነገርኋት። በታኅሣሥ ወር በእንግሊዝ አገር በዚያ ሰዓት ጨልሟል። ታሪኩ ደግሞ ያለ ጨለማው አይሆንም፤ መብራት የበራበት ባቡር በሌላ ባቡር መስኮት ወለል ብሎ የሚታየው ሲጨልም ነውና።

እኔ ይህችን ደራሲ ያወቅሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ነው። አስተማሪዎቻችን ወደ አገራቸው ሲመለሱ ትተዋቸው የሚሄዱት መጻሕፍት በአንድ መደርደሪያ ላይ ይከማቹ ነበር፤ ከላይ የመዝሙርና የስብከት፣ ከታች ደግሞ ሽፋናቸው የተገነጠለ የነፍስ ግድያ ታሪኮች። እነዚያ ጸሎተኞች ሴቶች ማታ ማታ የሚያነቡት ይኸንን መሆኑን ባወቅን ጊዜ እጅግ ደነቀን። እንግሊዝኛዬ የተቃናው ከላይኛው መደርደሪያ ይልቅ በታችኛው መሆኑን ዛሬ ብናገር የሚቆጣኝ የለም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት፣ ሚስስ ማክጊሊከዲ ይባላሉ፣ ለንደን ገበያ ውለው በባቡር ሲመለሱ፣ ሌላ ባቡር ከጎናቸው እኩል ይሄዳል። በዚያ ባቡር መስኮት ላይ ያለው መጋረጃ ድንገት ወደ ላይ ይጠቀለልና፣ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ሴት አንቆ ሲገድል ያያሉ። ወዲያው ባቡሩ ቀድሞ ይሄዳል። ለትኬት ተቆጣጣሪው ቢነግሩት፣ መጽሔት ሲያነቡ እንቅልፍ ወስዷቸው ያዩት ሕልም ይመስለዋል። ፖሊስ ባቡሩንም ሐዲዱንም ፈትሾ ሬሳ አላገኘም። የሚያምናቸው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጓደኛቸው ሚስ ማርፕል።

ሚስ ማርፕል ባል ያላገባች፣ ሹራብ የምትሠራ፣ አትክልት የምትኮተኩት የገጠር አሮጊት ናት። ደራሲዋ በ1927 እ.ኤ.አ. በአጭር ታሪክ ውስጥ ካመጣቻት ጀምሮ ብዙ ነፍሰ ገዳዮችን አጋልጣለች። በዚህ መጽሐፍ ግን ጉልበቷ ደክሟል። የባቡር የሰዓት ሠሌዳና ካርታ አስመጥታ፣ በዚያው ባቡር ደጋግማ ተጉዛ፣ ሬሳው ሐዲዱ ከሚታጠፍበት አንድ ቦታ ላይ ወደ አንድ ትልቅ ግቢ ሳይወረወር እንደማይቀር በአእምሮዋ ትደርስበታለች። ነገር ግን አጥር ዘልላ፣ ቁጥቋጦ ገልጣ መፈለግ አትችልም። ስለዚህ ሉሲ አይልስባሮው የምትባል የ32 ዓመት ሴት ትቀጥራለች። ሉሲ በኦክስፎርድ በሒሳብ ትምህርት በከፍተኛ ማዕረግ የተመረቀች ስትሆን፣ መምህርነቱን ትታ የቤት ሥራን ሙያዋ ያደረገች ናት፤ ጥሩ ሠራተኛ በጠፋበት አገር እጅግ ውድ ተከፋይ ሆናለች። ወደዚያ ግቢ በወጥ ቤት ሠራተኝነት ትገባለች፤ ጎልፍ የምትለማመድ መስላ ሜዳውን ትፈትሻለች፤ በመጨረሻም በአንድ አሮጌ ጎተራ ውስጥ፣ ከባሕር ማዶ በመጣ የጥንት የድንጋይ የሬሳ ሣጥን ውስጥ ሟቿን ታገኛለች። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልናገርም፤ ገዳዩን አስቀድሞ የሚናገር ሰው ከጎረቤት ድስት ክዳን የሚከፍትን ሰው ይመስላል።

አሁን ስለ መጽሐፉ ደግነት ልናገር። ከሁሉ የወደድሁት የሁለቱን ሴቶች ሽርክና ነው። አሮጊቷ ዓይንና ትዝታ አላት፤ ልጅቱ እግርና እጅ። ነገር ግን ደራሲዋ ነገሩን እንዲህ ቀላል አድርጋ አልተወችውም። ሚስ ማርፕል ሉሲን ስትቀጥራት የምትፈልገው ሬሳ መሆኑን በግልጥ ነግራታለች፤ አደጋ እንዳለበትም አልደበቀችም፤ ዋጋዋንም ከፍላታለች። ሉሲም እንደ አሽከር ትእዛዝ ብቻ አትቀበልም፤ ጠይቃ፣ ተከራክራ፣ የራሷን አስተያየት ትሰጣለች። በኛ አገር ሽማግሌ ወጣቱን ሲልክ «ሂድና አምጣ» ይላል እንጂ ለምን እንደሚልከው አይነግረውም። ወጣቱም ዛሬ ዛሬ «እሺ» ብሎ ወጥቶ በዚያው ይቀራል። እነዚህ ሁለቱ ግን የሚሠሩትን ሥራ ሁለቱም ያውቁታል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከትርጉም ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። ሉሲ ወደ ሚስ ማርፕል እየተመላለሰች ያየችውን ለመናገር ሰበብ ስለሚያስፈልጋት፣ በአቅራቢያው የምትኖር አክስት አለችኝ ትላለች። በእንግሊዝኛ ይህ ቀላል ነው፤ «ዩ» ለሁሉም አንድ ነው። በአማርኛ ግን ሉሲ ብቻቸውን ሲሆኑ ሚስ ማርፕልን «አንቱ» ማለት አለባት፤ ሰው ፊት ደግሞ እንደ ሥጋ ዘመድ «አንቺ አክስቴ» ልትል ይገባታል። አንዲት «አንቱ» በሰው ፊት ቢያመልጣት ምስጢሩ ሁሉ ወጣ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ይህን ቢያስብበት ከደራሲዋ የበለጠ የሚያስጨንቅ ነገር ያገኛል። ልጅቱ ይህን ስነግራት እጅግ ደስ ብሏት ሁለቱን ንግግሮች እየለዋወጠች ስትጫወት አመሸች።

ይህ መጽሐፍ በ1961 እ.ኤ.አ. ፊልም ሲሆን ግን ሉሲን አወጧት። ማርጋሬት ራዘርፎርድ የተባለችው ተዋናይ ሚስ ማርፕልን ሆና፣ ራሷ አይታ፣ ራሷ ሠራተኛ ሆና ገብታ፣ ራሷ ሬሳውን ታገኛለች። ያስቃል፤ እኔም ስቄአለሁ። ነገር ግን የመጽሐፉ አንጀት ተቆርጦ ወጥቷል። አሮጊት ሴት ሁሉን ነገር ብቻዋን ከቻለች ወጣት አያስፈልጋትም፤ ወጣት ካላስፈለጋት ደግሞ ምንም የምታስተላልፈው ነገር የለም። (በዚያው ፊልም ውስጥ በትንሽ ቦታ የተጫወተችው ጆን ሂክሰን ከብዙ ዓመት በኋላ በቢቢሲ ቴሌቪዥን ራሷ ሚስ ማርፕል ሆነች፤ በእኔ አስተያየት ከሁሉም የበለጠች እርሷ ናት።)

ሁለተኛው የወደድሁት ነገር አሮጊት አለመታመኗ ነው። ይህን ወጣት አንባቢ እንደ ቀልድ ያልፈዋል። እኔ ግን ስድሳውን ካለፍሁ ወዲህ በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት «እናቴ፣ ምናልባት ተሳስተው ይሆናል» ስባል ኖሬአለሁና፣ ሚስስ ማክጊሊከዲ ያዩትን አይተው ሳለ ሕልም ነው ሲባሉ ደሜ ፈላ። ሚስ ማርፕል ለጓደኛዋ ያደረገችላት ታላቁ ነገር ወንጀለኛውን መያዟ አይደለም፤ በመጀመሪያው ማታ አምናት መስማቷ ነው።

ወደ ነቀፋዬ ከመሄዴ በፊት ስለ እኛ አገር ጥቂት ልበል፤ ይህ ዓይነት ታሪክ ለእኛ ባዕድ ነው የሚሉ አሉና። ባዕድ አይደለም። አባቶቻችን አንድ ጥፋት ደርሶ አጥፊው ሲሰወር፣ የአገሩን ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ሰብስበው አውጫጭኝ፣ በሌላ ስሙ አፈርሳታ፣ ይቀመጡ ነበር። የቀረ ሰው መቀጫ ይከፍላል፤ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ስሙ እንዳይገለጥ «ወፍ» እየተባለ በምስጢር ይናገራል። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ በእንግሊዝኛ የጻፈው «አፈርሳታ» የተባለው ልብ ወለድ ስለ አንድ የተቃጠለ ጎጆና ስለዚሁ ሸንጎ ነው። በዚያ መጽሐፍ አንባቢን የሚይዘው አጥፊው ሳይሆን የተሰበሰበው ሕዝብ ነው፤ ማን ሥራ ፈታ፣ ማን ተማረረ፣ ማን ዝም አለ። አውጫጭኝ አንድ ብልህ ሰው አያስፈልገውም፤ ሁሉም መርማሪ፣ ሁሉም ተጠርጣሪ ነው።

ከዚህም የባሰ ነበረ፤ ሌባ ሻይ። አንድ ሽማግሌ ባለሥራይ ለአንድ ልጅ አደንዛዥ መጠጥ ያጠጣዋል፤ ወገቡን በገመድ አስሮ ይለቀዋል። ልጁም እየተንገዳገደ ሰው ሁሉ እየተከተለው ሄዶ ከአንድ ቤት ገብቶ ሲወድቅ፣ የዚያ ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ይያዛል። በኋላ በመንግሥት ተከለከለ። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ይህም እኮ ሽማግሌና ልጅ ተባብረው ወንጀለኛ የሚፈልጉበት ነው። ነገር ግን በሚስ ማርፕልና በሉሲ መካከል ያለው መተማመን ሲሆን በእነዚህ መካከል ያለው ገመድ ነው። ልጁ ምን እንደሚፈልግ አያውቅም፤ አልተጠየቀም፤ ነቅቶም የሠራውን አያስታውስም። ስንቱ ንጹሕ ሰው ቤቱ ምቹ መደብ ስለነበረው ብቻ ሌባ ተባለ ይሆን?

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ፤ የምነቅፈውን ከመጽሐፉ ብቻ ሳይሆን ከሕይወቴ ተምሬዋለሁና።

በ1970ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ፣ ወጣት አስተማሪ ሳለሁ፣ በሱሉልታ አቅጣጫ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ለመጽሐፍ መግዣ ያዋጡት 34 ብር ከጠረጴዛዬ መሳቢያ ጠፋ። ያን ጊዜ ራሴ ከታችኛው መደርደሪያ መጻሕፍት የተሞላ ስለ ነበረ፣ ርእሰ መምህሩ ዘንድ ሳልሄድ ራሴ መመርመር ጀመርሁ። ክፍሉን ያን ቀን የጠረገው ማን ነው? መጨረሻ የወጣው ማን ነው? በሳምንቱ አዲስ ሸራ ጫማ ያደረገው ማን ነው? ሦስቱም መልስ አንድ ልጅ ሆነ። ልክ እንደ መጽሐፉ ነው! በክፍሉ ፊት አቆምሁትና አንድ በአንድ ጠየቅሁት። ልጁ አቀርቅሮ ዝም አለ። ዝምታውን እንደ እምነት ቃል ቆጠርሁት። ተማሪዎቹም አጉረመረሙ፤ ለእኔ ግን ጭብጨባ መሰለኝ።

ልጁ በማግሥቱ አልመጣም፤ በሳምንቱም አልመጣም። ከሁለት ወር በኋላ መሳቢያው አልዘጋ ብሎ አናጢ ሲያወጣው፣ ብሩ በወረቀት እንደ ተጠቀለለ ከኋላው ወድቆ ተገኘ። ቤቱን አጠያይቄ ሄድሁ። እናቱ ወንበር አቀረበችልኝ፤ አሬራ ሰጠችኝ። ጫማውን አጎቱ ከገበያ እንደ ገዛለት፣ ልጁም የቀን ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ እንደ ወረደ ነገረችኝ። ይቅርታ ስጠይቃት «እርስዎም እኮ ላገር ብለው ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በገበያ ባገኘችኝ ቁጥር ቆማ ከልቧ ሰላም ትለኝ ነበር፤ እኔም መንገድ መለወጥ ጀመርሁ። ልጁን ግን እስከ ዛሬ አላየሁትም።

ስለዚህ የእነዚህ መጻሕፍት አንደኛው ጉድለት ይህ ነው እላለሁ፦ መጠርጠር ዋጋ የለውም። በአሥረኛው ምዕራፍ ነፍሰ ገዳይ ሳይሆን አይቀርም የተባለው ሰው በሃያኛው ምዕራፍ ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ፣ ልብሱን አራግፎ ሻዩን ይጠጣል። አንባቢውም አምስት ሰው በሐሰት ከስሶ፣ አንዱንም ይቅርታ ሳይጠይቅ መጽሐፉን ይዘጋል። «ሰው ማመን ቀብሮ ነው» የሚለውን ተረታችንን የሚያስተምር አንድ ትምህርት ቤት ቢኖር ይኸው ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ ሚስ ማርፕል ራሷ የምትመራው በዚሁ ተረት ነው፤ ስለ ሰው ክፋት ሁልጊዜ የባሰውን ብታስብ እንደማትሳሳት ታምናለች። በልብ ወለዱ ውስጥ አትሳሳትም፤ ደራሲዋ ናትና የምታስተካክልላት። እኔን ግን የሚያስተካክልልኝ ደራሲ አልነበረም።

ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ የበለጠ ነው፤ ይህንንም ያሳየችኝ ልጅቱ ናት። መጽሐፉን ካጋመስን በኋላ፣ ማታ ማታ እየተፈራረቅን ጮኽ ብለን ስናነብ፣ «ስሟ ማን ነው?» አለችኝ። «የማን?» አልኋት። «የሞተችው» አለች። እኔም «እሱ ነው እኮ እንቆቅልሹ፤ ቆይ» ብዬ መለስሁላት። ከተኛሁ በኋላ ግን ጥያቄዋ እንቅልፍ ነሣኝ። ያቺ ሴት ለብዙ ምዕራፎች ስም የላትም፤ እንዲያውም የሌላ ሴት ስም ተሰጥቷት በእርሷ ትጠራለች። የሚፈልጓት ሰዎች ሁሉ የሚፈልጉት ገዳይዋን እንጂ እርሷን አይደለም። በግቢው ውስጥ ያሉት ሁለት ተማሪ ልጆች ሬሳ በመገኘቱ እንደ በዓል ተደስተው ምልክት ፍለጋ ይሯሯጣሉ። ከዚያም ከቤተሰቡ ወንድሞች ሁለቱ በመርዝ ሲሞቱ፣ የቀሩት ውርሱ ለስንት እንደሚካፈል ያሰላሉ፤ ሽማግሌው አባትም ከልጆቹ በኋላ መቆየቱን እንደ ድል ይቆጥረዋል። በዚያ ትልቅ ቤት ውስጥ ምግብ ሁልጊዜ በሰዓቱ ይቀርባል፤ ሉሲ ጥሩ ሠራተኛ ናትና። ለዚያች ሴት ግን ሲለቀስላት አናይም።

በእኛ ከተማ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚሰማው የዕድር ጥሩንባ ነው። ወዲያው ድንኳን ይተከላል፤ ወንበርና ሰታቴ ከዕድር ቤት ይወጣል፤ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፤ ሰው ሦስት ቀን ይቀመጣል። ማን ገደለው የሚለው ጥያቄ ቢኖር እንኳ ከለቅሶው በኋላ ወይም በለቅሶው ውስጥ በሹክሹክታ ነው የሚመጣው። ዘመድ የሌለው እንግዳ ቢሞት እንኳ «ወገን የለውም» ተብሎ የሚያለቅስለት ሰው አይታጣም። እንግዲህ አንድ የኛ ጸሐፊ እንዲህ ያለ ታሪክ በሰበታ ወይም በቡራዩ ቢጽፍ፣ ድንኳኑን ሊያልፈው አይችልም። ሚስ ማርፕልም በእኛ አገር ብትሆን ኖሮ ሹራቧን የምትሠራው እዚያው ድንኳን ውስጥ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ ነበር፤ ማን ዘግይቶ እንደ መጣ፣ ማን እንባው እንዳልመጣ፣ ማን ከልክ በላይ እንደ ጮኸ የሚታየው እዚያ ነውና።

ባቡሩስ? ባቡር አለን። ወደ ጅቡቲ የሚሄደውና በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ሐዲድ የሚነሣው ከኛው ከሰበታ ነው። ልጅቱ ይህን አስባ «እማማ፣ እዚህም ይሆናል» አለችኝ። ሁለት ባቡር ጎን ለጎን ለመሄድ ድርብ ሐዲድ ያስፈልጋል፤ እርሱም ያለው ከሰበታ እስከ አዳማ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ነው። ስለዚህ ሚስስ ማክጊሊከዲ ያዩትን ማየት የሚቻለው አዳማ ሳይደረስ ነው አልኋት። በደብተሯ ጻፈችው።

ነገር ግን ሌላ ችግር አለ። ሚስ ማርፕል ሰውን የምታውቀው የመንደሯን ሰው ስለምታውቅ ነው፤ ይህ እገሌን ይመስላል፣ ያቺ እገሊትን ትመስላለች እያለች ትፈርዳለች። የእኛ ከተሞች እንዲህ የነበሩበትን ጊዜ አስታውሳለሁ። ሰበታ በመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤትና በሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ፣ ቡራዩ በገፈርሳ ውኃ፣ ሱሉልታ በብርዷና በፈረሶቿ የሚታወቁ ትንንሽ ከተሞች ነበሩ። ዛሬ ከሌሎች ጋር ተጠቃለው ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሸገር ከተማ ይባላሉ። በኔ መንገድ ላይ ብቻ ቁመቱ ከሰው በላይ የሆነ ግንብ ያጠረባቸውና ጠባቂ የቆመባቸው ስማቸውን የማላውቃቸው ቤቶች ሰባት ናቸው። ሰውን ሳላውቅ እንዴት በምሳሌ እፈርዳለሁ? ብፈርድስ ስለ ጫማው እንደ ፈረድሁበት ልጅ አይሆንምን?

ደግሞም በአንድ ሰው ሞት የሚጀምር ታሪክ የተቀረው መንደር ደኅና መሆኑን ይገምታል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢዋ ሰዎች ተገደሉ፤ ብዙ ሺህ ሰዎችም ቤታቸውን ጥለው ወደ አዲስ አበባ ሸሽተው በየትምህርት ቤቱ ተጠለሉ። ያኔ ብርድ ልብስ ይዘን የሄድን ሴቶች በመማሪያ ክፍሎች ወለል ላይ የተኙ ሰዎችን አይተናል። እዚያ ውስጥ ለሹራብ ሠሪ አሮጊት የሚሆን እንቆቅልሽ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ የነፍስ ግድያ ታሪክ አላነበብሁም፤ ይህ ከልጅቱ ጋር ያነበብሁት የመጀመሪያው ነው። ይህን የምለው ደራሲዋን ለመክሰስ አይደለም፤ እርሷም በሁለት የዓለም ጦርነቶች መካከል የኖረች ናት፤ አንድ ሟች፣ አንድ ገዳይ፣ አንድ መልስ ያለበትን ዓለም የፈለጉት አንባቢዎቿ ለምን እንደ ፈለጉት ይገባኛል። ሚሊዮኖች ከሞቱ በኋላ የአንድ ሰው ሞት እንደ ገና ሲጠየቅበት ማየት ዕረፍት ነው።

የልጅ ልጄ በስልኩ ያሳየኝ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሁሉ በተባለው የአሜሪካ የፊልም ማሠራጫ የሚታይ አንድ ተከታታይ ፊልም አለ፤ ስቲቭ ማርቲንና ማርቲን ሾርት የተባሉ ሽማግሌዎች ከወጣቷ ከሰሊና ጎሜዝ ጋር ሆነው በሚኖሩበት ሕንፃ የተፈጸመውን ግድያ ይመረምራሉ፤ እየመረመሩም ፖድካስት አድርገው ያሠራጩታል። ሦስቱ ሲነታረኩ ደስ ይላሉ፤ ብቸኝነታቸውም እውነተኛ ነው። ነገር ግን በሰው ሞት አድማጭ መሰብሰብን እንዲህ ቀልድ አድርጎ ማየት ከበደኝ። ሁለት ክፍል አይቼ ተውሁት።

ስለ መጽሐፉ መጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ገዳዩ ከተያዘ በኋላ፣ ያቺ ለስላሳ አሮጊት፣ በእንግሊዝ አገር የስቅላት ፍርድ በመቅረቱ እንደምታዝን ትናገራለች፤ ሊሰቀል የሚገባው ቢኖር እርሱ ነው ስትል። ልጅቱ ይህን ስታነብ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ሚስ ማርፕልን ከልጅነቴ ጀምሮ የምወዳት ሰው፣ በዚህ ቦታ አፈርሁባት። ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ ሰው ስታድን የቆየች እጅ ገመድ ስትመኝ ማየት ደስ አይልም። ልጅቱ ግን አልተስማማችም፤ «ቢያንስ እሷ ተናደደችላት» አለች። ነገሩን ሳስበው፣ በመጽሐፉ ውስጥ ለሟቿ ወደ ለቅሶ የሚቀርበው ይህ አንድ ንዴት ብቻ ሆኖ አገኘሁት፤ ስለዚህ ነቀፋዬን ግማሹን አነሣሁ፤ ግማሹን ግን አላነሣሁም።

መጽሐፉን ከጨረስን በኋላ ሌላ ስጪኝ ስትለኝ፣ የሶስናን ታሪክ ሰጠኋት። በሚሲዮን የተሰጠን መጽሐፍ ቅዱስ 66 መጻሕፍት ያሉት ስለ ነበረ፣ እኔ ይህን ታሪክ ያነበብሁት አድጌ፣ ከአንዲት ጎረቤቴ 81ዱን ተውሼ ነው። ሁለት ሽማግሌዎች ዳኞች ሶስናን በሐሰት ሲከስሷት፣ ወጣቱ ዳንኤል ለያይቶ «ከየትኛው ዛፍ ሥር አየሃት?» ብሎ ይጠይቃቸዋል፤ አንዱ አንድ ዛፍ፣ ሌላው ሌላ ዛፍ ይናገራል። ዶርቲ ሴየርስ የተባለች እንግሊዛዊት ደራሲ በ1928 እ.ኤ.አ. የምርመራ ታሪኮችን ስትሰበስብ ይህንንና ዳንኤል በቤተ ጣዖት ወለል ላይ ዐመድ ነስንሶ የካህናቱን ዱካ ያጋለጠበትን ታሪክ ከመጀመሪያዎቹ አድርጋቸዋለች። እኔም በኩራት ይህን ሁሉ ነገርኋት፤ ከፈረንጆቹ ሁሉ በፊት የነበረ፣ ለዚያውም ልጅ ሽማግሌዎችን የመረመረበት፣ ለዚያውም ንጹሕ የተከሰሰ ሰው የዳነበት ነው ብዬ።

ልጅቱ በማግሥቱ መጽሐፉን መለሰችልኝ። ጥሩ ነው አለች። ትንሽ ቆይታ ግን፣ «ዳንኤልም ቢሆን ሶስናን አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቃትም» አለችኝ። አይደለም ብዬ መነጽሬን አድርጌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብሁት። እውነቷን ነው።